በሁዳዴ የመጣ ቡችላ

ባለቤቴ ታሞ በተኛ ጊዜ የጠየቀኝ ሁሉ "ይሻለዋል" ይለኝ ነበር። አመንኩ። ከቀበርኩት በኋላ ግን ሰው ማመን ተውኩ። ልጄ ቡችላ በካርቶን ይዛ ቂርቆስ ወዳለው ቤቴ ስትመጣ ጥቁሬን አላወለቅኩም ነበር፤ ሁዳዴም ገብቷል።

"ብቻሽን እንዳትሆኚ ብዬ ነው እማዬ።"

"እናቱ በምን ሞተች?"

"ማን ሞተች አለሽ? ደህና ናት!"

አላመንኳትም። ደግሞ አንድ ልቀብር ነው ብዬ ፈራሁ።

ጭንቁ ምግቡ ነበር። በፍስክ ቢሆን ሥጋ ቤቱ ትርፍራፊ አያጣም፤ በጾም ተዘግቷል። እኔም በሁዳዴ ድስቴን ሥጋ አላስነካም። የውሻ ምግብ ይሸጣል ወደተባለ ሱቅ እስከ ካዛንቺስ ሄድኩ። ሻጩ ከተከፈተ ጆንያ ቡናማ ፍሬ እየዛቀ በፌስታል ሞላልኝ።

"የሚያበቃበት ቀን የታለ?"

"ማዘር፣ የውጭ ነው፣ ኦሪጅናል።"

"የየት ውጭ?"

"የውጭ ነዋ! በቃ ይስጡትና ያዩታል።"

ቤት ገብቼ አንዷን ፍሬ ውሃ ውስጥ ጣልኳት። ቀለም ለቀቀች። ፌስታሉን እንዳለ ወረወርኩትና ከራሴ ማዕድ ላበላው ወሰንኩ። በደንብ የተቁላላ ሽሮ በእንጀራ እየፈተፈትኩ ጠዋትና ማታ አቀርብለት ጀመር። ሳህኑን ይልሰዋል። ቢያንስ የገባበትን አውቀዋለሁ እያልኩ ኮራሁ።

በሳምንቱ መነሳት አቃተው። ድዱ ነጣ፣ ሽንቱ ቀላ። ግቢያችን የጋራ ነው፤ ጎረቤቴ ደግሞ ከመጣ ጀምሮ ጩኸቱ ራሴን አሳመመኝ ትላለች። ከመጋረጃ ጀርባ ቆሜ ጠበቅኳት። በራፌ ላይ ጎንበስ ስትል ወጣሁ።

"ምን ሰጠሽው?"

"ኧረ ጫማዬን እያሰርኩ ነው!"

"ታዲያ ለምን ታመመ?"

"አንቺ ሴትዮ፣ መርዝ ቢኖረኝ አይጦቼን አልጨርስም ነበር?" ብላ ገብታ በሯን ዘጋችው።

ቡችላውን በነጠላዬ ጠቅልዬ እንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሟ ወጣት ናት። ደሙን ወስዳ መረመረች።

"ምን ይበላል እናቴ?"

"ከእኔ ማዕድ ነው። የሱቅ አላበላውም።"

"ከማዕድዎ ምን?"

"ጾም አይደል? ሽሮ።"

"ሽንኩርት አለው?"

"ያለ ሽንኩርት ሽሮ አለ እንዴ?"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ሽንኩርት የውሻን ደም ያበላሻል። ነጭ ሽንኩርቱም እንደዚያው ነው።"

"ማን ነው ያለው?"

"ደሙ ነዋ" ብላ የምርመራውን ወረቀት አሳየችኝ።

ሻጩን፣ ልጄን፣ ጎረቤቴን ስጠረጥር የራሴን ድስት አልጠረጠርኩም። መርፌ ወጋችውና ሩዝና የተቀቀለ እንቁላል፣ ያለ ምንም ቅመም፣ አዘዘችለት።

"ይድናል?"

"አላውቅም። እስከ ነገ እንየው።"

ይሻለዋል አላለችኝም። ለዚህ ነው ያመንኳት።

ከሰዓት በኋላ እንቁላሉን ጥጄ የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ።

"ሽንኩርቱ ነው" አልኳት።

"የምን ሽንኩርት?"

ነገርኳት፤ ይቅርታም ጠየቅኳት። ሰማችኝና፣ "መጋረጃሽ ስስ ነው፤ ቆመሽ ስትጠብቂኝ አይቼሻለሁ" አለችኝ። ደግሞም ተከትላኝ ገባች። ድስቱ ውስጥ አየችና ደነገጠች።

"በሁዳዴ እንቁላል!"

"ለእሱ ነው።"

"ለእሱማ ይሁን። ድስቱን ግን እስከ ፋሲካ እንዳትነኪው" አለችና እንቁላሉን ከእጄ ነጥቃ፣ ጣቷን እየለበለባት ላጠችው።

ቡችላው ሩዙን አሽትቶ ፊቱን አዞረ። ከእጇ ላይ ግን ትንሽ እንቁላል ጎረሰ። ደገመ። ሁለታችንም ሳንተነፍስ ሦስተኛውን ጉርሻ ጠበቅን፤ ከብዙ ቆይታ በኋላ መጣ።