መሬት የሚገባበት ከረጢት

ልጅ እያለሁ ወርቅ ይበላ ነበር። አረንጓዴ ነበር፤ ቅርፊቱን በጥርስ ሲጫኑት ጧ ይላል፣ ከንፈር ላይም ኮምጠጥ፣ ጨው ጨው የሚል ጣዕም ይተዋል። በከተማችን በዓለም ገና፣ በኅዳር ወር እሸት ሽምብራ የማይበላ ልጅ አልነበረም። እኛ ሦስታችን ግን ከመብላታችን በፊት እንገበያይበት ነበር።

ሦስታችን ማለት እኔ፣ ሂክማ እና ገመቹ ነን፤ ሰባተኛ ክፍል ነበርን። የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ኢንተርኔት ቤት ያሳተመውን አርባ ገጽ የእንግሊዝኛ የጨዋታ ጥራዝ ሰጠኝ። ጨዋታው ሰሌዳ የለውም። አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቹ ጀግና ይሆናሉ፤ ዋሻ ይገባሉ፣ ዘንዶ ይገጥማሉ፣ ባገኙት ወርቅ ከተማ ወርደው የአስማት ዕቃ ይገዛሉ። እንግሊዝኛውን ከሁለቱ ትንሽ ሻል አድርጌ ስለማነብ መሪዋ እኔ ሆንኩ። ሃያ ጎን ያለው የዕጣ ጠጠር ያስፈልጋል ይላል ጥራዙ፤ እኛ ከአንድ እስከ ሃያ የጻፍንባቸውን ብጣሽ ወረቀቶች በወተት ጣሳ አድርገን እናወጣ ነበር። ወርቁን የሚያመጣው ገመቹ ነው፤ ከአባቱ ከኦቦ ቶሎሳ ማሳ፣ ሁለቱን ኪሱን ሞልቶ። በገበያው መሃል ወርቁ ይበላና አገሩ በሙሉ ይደኸያል።

ሻጯ ሂክማ ነበረች። አባቷ ጋሽ ከድር በጅማ መንገድ ዳር ሱቅ ነበራቸው፤ ልጅቷም መናገር የጀመረችው ከባንኮኒው ሥር ነው ይባላል። ጥራዙ ማንኛውም የአስማት ዕቃ በተጻፈለት ዋጋ ይሸጣል፣ ተመልሶ ሲሸጥ ግማሹን ያወጣል ይላል። ይህን ሳነብላት ሳቋ አላቆም አለ።

"ትርፉን ለገዢው የሚነግር ነጋዴ አለ? ይኼ ሰውዬ ልጆቹን ምን ሊያበላ ነው?"

ሕጉ በዚያው ተሻረ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር በክርክር ሆነ። ገመቹ ከእሳት የሚጠብቀውን ቀለበት ሲጠይቃት፣

"ሠላሳ። አንተ ስለሆንክ ነው። ወላሂ፣ በመጣበት ነው" ትለዋለች።

"በመጣበት? ትናንት ከዋሻ አውጥቼ በአሥር የሸጥኩልሽ እኔ አይደለሁ እንዴ!"

"ታዲያ ታጥቧል እኮ!"

በዚያው ኅዳር ትምህርት ቤት ተዘጋ። አዲስ አበባ ወደ እኛ ልትሰፋ ነው ተባለ፤ ማስተር ፕላን የሚለው ቃል እንግሊዝኛ በማያውቁ ሽማግሌዎች አፍ ሳይቀር ገባ። ተቃውሞ ተነሣ፤ መንገዱ በድንጋይና በሚቃጠል ጎማ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ተመልሶ ይዘጋል። ጋሽ ከድር የሱቁን መዝጊያ አወረዱ። እኛም በጓሮ በር እየገባን በስኳር ጆንያዎች መካከል እንጫወት ጀመር። የሳሙናና የላምባ ሽታ አለ፤ በቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ ቀጭን ቀጭን ብርሃን ይገባል። ከውጭ የሩጫ ድምፅ ሲመጣ ጋሽ ከድር ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ ያደርጋሉ። ያኔ ዘንዶው ሳይቀር ጸጥ ይላል።

ከሂክማ ዕቃዎች ሁሉ ውዱ አንድ ከረጢት ነበር። ምንም ቢጨምሩበት አይሞላም፣ አይከብድም። ገመቹ አንድ ቀን ዋጋውን ሳይጠይቅ ወደ እኔ ዞረ።

"መሬት ይገባበታል?"

"የምን መሬት?"

"ላፋ አባ ኮ። የአባቴ መሬት። ሰዎች መጥተው ችካል ተክለውበታል።"

ጥራዙን ገለጥኩ። ከከረጢቱ አፍ የሚሰፋ ነገር አይገባም ይላል።

"አይገባም" አልኩት። "ይኸው ተጽፏል።"

ገመቹ ተነሥቶ ወጣ፤ ሽምብራውን እንኳ አልሰበሰበም።

"አንቺ ምን ዓይነት ሰው ነሽ?" አለችኝ ሂክማ። "ገዢ ከበር ሲወጣ ይጠራል እንጂ ይሸኛል?"

"ታዲያ ልዋሽለት?"

"ማን ዋሺ አለሽ? ደግመሽ አንብቢው።"

ሦስት ቀን አልመጣም። ያለ እሱ ጨዋታ አልነበረም፤ ዳግመኛ ላይመጣ ይችላል የሚለው ሐሳብም ምግብ ከለከለኝ። ያንን ገጽ መዝገበ ቃላት ይዤ ቃል በቃል ደግሜ አነበብኩት። በአራተኛው ቀን መንገዱ ረጋ ሲል እኔና ሂክማ በባሕር ዛፉ ጥግ ጥግ ወደ ማሳው ሄድን። ገመቹ ከአባቱ ጋር ዳር ላይ ተቀምጧል። ችካሎቹ ጫፋቸው ቀይ የተቀባ ነበር።

"አካም ጅርቱ፣ ኦቦ" አልን። ኦቦ ቶሎሳ "ነጋ" ብለው ደህንነታቸውን ነገሩን፤ ቃል የማያበዙ ሰው ነበሩ።

"ገመቹ፣ መሬቱ በአንድ ጊዜ አይገባም" አልኩት። "መሬቱ ላይ ያለው አንድ በአንድ አይገባም የሚል ግን የትም አልተጻፈም። አንተ ጥራ፣ እኔ እጽፋለሁ። የተጻፈ፣ ገባ።"

"ዋጋው ግን ስምንት መቶ ነው" አለች ሂክማ ቶሎ ብላ።

"ስምንት መቶ! ሌባ!" አለ ገመቹ፤ ፊቱ የተፈታ መሰለኝ።

ኦቦ ቶሎሳ ቀና አሉ። "ምንድን ነው የምትሸጪለት?"

"ከረጢት ነው፣ ኦቦ። የአስማት።"

"የታለ?"

"አይታይም።"

ወደ ልጃቸው ዞሩ። "እንግዲያው የማይታይ ብር ስጣት።"

ሂክማ "ከሰርኩ፣ ወላሂ ከሰርኩ" እያለች በአንድ እፍኝ ሽምብራ ሸጠችለት። ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አደረግኩ። መግቢያው ላይ ያለው ዋንዛ ገባ። ውሃ የሚተኛበትና ሽምብራ የሚበሰብስበት ጥግ ገባ። ቀዩ በሬ የወደቀበት ቦይ፣ እባብ የወጣበት ኩይሳ፣ ገመቹ በልጅነቱ የጠፋበት የማሽላ ረድፍ ገቡ። ኦቦ ቶሎሳ መጀመሪያ ፈገግ ብለው ያዩን ነበር። ሰባተኛው ላይ ስንደርስ ቀረብ አሉና ቁጢጥ ብለው "ያንን ረሳኸው" አሉት። ከዚያ በኋላ የሚጠሩት እሳቸው ሆኑ፤ በኦሮምኛ ይናገራሉ፣ ገመቹ ይተረጉማል፣ እኔ እጽፋለሁ። አባታቸው የተከሉትን የድንበር ድንጋይ ሁለት ጊዜ ጠሩት። ሠላሳ አንድ ነገር ጻፍኩ።

ፕላኑ ቀረ ተባለ። ማሳው ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሌላ ወረቀት ሄደ፤ ዛሬ በቦታው ረጅም የግንብ አጥርና መጋዘን አለ። የሂክማ ቤተሰብ አዲስ አበባ ገባ። የሰፈሩ ልጆች ዛሬ የአስማት ዕቃ የሚገዙት በስልክ ነው፣ በቁርጥ ዋጋ፤ የሚከራከራቸው ሻጭ የለም። እኔ በሥራዬ ብዙ የመሬት ሰነድ አንብቤያለሁ። ካሬ ሜትሩም የካሳው መጠንም በትክክል ሰፍሮ አያለሁ። ውሃ የሚተኛበት ጥግ የተጻፈበት ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ባለፈው ዓመት ኦቦ ቶሎሳ ታመው፣ ገመቹ ከተከራየው ቤት ልጠይቃቸው ሄድኩ። ደብተሩን ይዤ ነበር። እያነበብኩላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ።

"የድንበሩ ድንጋይ፣ ከዋንዛው በላይ" አልኩ።

ዓይናቸውን ገለጡ። "በታች ነው" አሉኝ።

ዋንዛውም ድንጋዩም ዛሬ የሉም። እስክሪብቶ አውጥቼ አረምኩት።