የካፊሌ እግር ከተሳቢዋ ውጭ ቀረ

ዛሬ ካፊሌ፣ የሳውዲው አሠሪዬ፣ የሠራሁለትን ተሳቢ ሊሞክር ገብቶ ተጋደመ። እግሩ ግን ቦታ አልበቃው ብሎ በበሩ ወጥቶ ቀረ።

ተሳቢዋ መኪና የሚጎትታት፣ የጠብታ ቅርጽ ያላት የበረሃ መኝታ ናት። ደማም ጋራዥ ውስጥ ሦስት ወር በየድኳት። ስጨርስ አገሬ የሚያስገባኝን ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛውን፣ ሊሰጠኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር።

አልጋዋን የለካሁት በራሴ ቁመት ነው። እኛ ወሎ ተጋድሞ የሚለካ ሬሳ ነውና፣ «እስቲ ይተኙ ልለካዎት» ማለት ከበደኝ። ለካስ ሰውየው ከእኔ በክንድ ይረዝማል።

ወጥቶ «ሙሽኪላ» አለ፤ ችግር አለ ማለቱ ነው። «እስክትስተካከል ኹሩጅ ማፊ» ብሎ ከልክሎኝ ሄደ።

እንዲህ ያለ ጥምዝ ጣሪያ ሳያፈርስ ያስረዘመ ወንድም ካለ፣ በአላህ ኮሜንት ላይ ይጻፍልኝ። እናቴ ደሴ ሆስፒታል ተኝታ «መቼ ትደርሳለህ?» ትለኛለች። የሰውየው እግር እስኪገባ ጠብቂኝ ልበላት?