ጋሼ የተቀመጡባት ሸክላ

ወንድሜ አሮጌ የብሉዝ ሸክላ ይሰበስብ ነበር። ደቡብ አፍሪካ፣ ቴምቢሳ ባለችው ስፓዛ በሚሏት ትንሽ ሱቃችን ውስጥ፣ ከዱቄቱና ከሳሙናው ጀርባ ይደረድራቸዋል። ደንበኛ ሸክላ ይዞ ከመጣ ወረፋውን ትቶ ያገላብጣል። "ይህን የዘፈነው ሰው በሕይወት አለ?" ብሎ ይጠይቃል። አለ ከተባለ ሱቁን ለእኔ ጥሎ ይወጣል። እኔ ዳቦ እሸጣለሁ። እሱ ዘፋኝ ይፈልጋል።

አንዱን እዚያው ሰፈራችን አገኘ። በወጣትነታቸው አንዲት ሸክላ ያስቀረጹ ሽማግሌ ናቸው። ሰፈሩ "ባባ" ይላቸዋል፤ አባት እንደማለት ነው። ሸክላዋ ግን እጃቸው ላይ አልነበረችም። ከጠፋችባቸው ወዲህ ሰምተዋት አያውቁም። ወንድሜ ስንት ገበያ ዞሮ አገኛት። ልከፍታት ስል እጄን መታኝ።

"ባባ ሳይሰሟት አንተ ማነህ? እሁድ ይመጣሉ። አብረን እንሰማለን።"

እሁድ ሳይደርስ ሞተ። ልቡ ነው አሉ።

አስከሬኑን ወደ አገር ቤት ሸኝተን ለቅሶ ተቀመጥን። ቤቱ ሞላ። ወንበር አለቀ። የማኅበራችን ሰብሳቢ ጋሼ ቁመትም ስፋትም አልተነፈጋቸውም። ዙሪያቸውን አዩና ብርድ ልብስ የለበሰ ሳጥን ላይ ቁጭ አሉ። ሳጥኑ የወንድሜ ሸክላዎች ያሉበት ነው። ያቺ የባባ ሸክላ ከሁሉም በላይ ተጋድማለች።

ለቅሶ ሊደርስ የመጣን ሰው ተነሣ አይባልም።

"ጋሼ፣ ወንበር ልዋስልዎት?"

"ተወው ልጄ። ለቅሶ ላይ ምቾት ምን ያደርጋል?"

ሳጥኑ ሲጥ አለ።

"ፍራሹ ይሻልዎታል።"

"ፍራሹ የሐዘንተኛ ነው። አንተ ተቀመጥ።"

እሳቸው እያለቀሱ ሲወዛወዙ እኔም አብሬ እወዛወዛለሁ። አንዲት ሴትዮ አየችኝና "ምስኪን፣ ሐዘኑ አንጀቱን በላው" አለች። እውነቷን ነው። ግን በዚያ ሰዓት የማስበው ስለ ጋሼ መቀመጫ ነበር።

ባባ ሞቱን ሰምተው መጡ። ሱፍ ለብሰዋል፤ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ጎንበስ ብለው "ሳውቦና" እያሉ፣ በዙሉኛ ሰላምታ እየሰጡ ገቡ። በዕድሜ ሁላችንንም ይበልጣሉ።

"ኖር!" አሉ ጋሼ። ተነሡ። ቤቱ በሙሉ ተነሣ። ባባ ደንግጠው ወደ በሩ ዞሩ፤ ሊያስወጧቸው መስሏቸዋል። ጋሼ ሮጠው እጃቸውን ይዘው ሲመልሷቸው፣ እኔ ሳጥኑ ላይ ተወረወርኩ።

ሸክላዋ ደኅና ናት። ሽፋኗ ብቻ ተጨማዷል።

"ባባ፣ ወንድሜ አግኝቶልዎታል" አልኳቸው በእንግሊዝኛ። በሁለት እጃቸው ተቀበሏት። ከዚያ ጥግ ያለውን የወንድሜን ሸክላ ማጫወቻ አዩ። እኔም አየሁት። ቤቱ እኛን አየ።

"ለቅሶ ቤት ዘፈን?" አለች ሴትዮዋ።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። "ምን ይላል ዘፈኑ?"

ባባን ጠይቄ ለጋሼ ተረጎምኩላቸው። "ትታኝ ሄደች ነው የሚለው።"

"ማን?"

"ሚስታቸው።"

"ሞታ?"

"አይ... ከጎረቤት ጋር።"

ጋሼ ትንሽ አሰቡ። "መሄድ መሄድ ነው። ክፈተው።"

መጀመሪያ እንደሚጠበስ ነገር ተንጣጣ። ከዚያ ጊታር መጣ፣ ከዚያ የጎረምሳ ድምፅ። መሃል ላይ አንድ ሳል ተሰማ።

"እኔ ነኝ! ጉንፋን ይዞኝ ነበር!" አሉ ባባ። ሳቁ። ሴትዮዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ጋሼም አለቀሱ፤ የሚቀመጡበት ስላጡ ቆመው። እኔም አለቀስኩ። ወንድሜ ያንን ሳል ሳይሰማው ሄደ።

ዘፈኑ አልቆ መርፌው ባዶውን ሲንኳኳ፣ ጋሼ አፍንጫቸውን ጠረጉ።

"ጀርባዋስ?"

ገለበጥኳት።