ስለ ወፍጮ ቤቱ የተጻፈችው ዓረፍተ ነገር

ሰፈሩ ሁሉ «ሬዲዮ» ነበር የሚለው። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ አንድ ወንበር፣ አንድ ትልቅ መስታወትና ከበሩ በላይ ቀለሙ የለቀቀ የመቀስ ሥዕል ያላት ጠባብ ቤት አለችው። ቅጽል ስሙን ያገኘው አፉ ስለማያርፍ ነው። መቀሱ ሲሠራ ያወራል፣ መቀሱን አስቀምጦም ያወራል። ደንበኛውስ ቢሆን አንገቱ ላይ ጨርቅ ታስሮ፣ ጆሮው ሥር ምላጭ የያዘ ሰው ቆሞ ከማዳመጥ በቀር ምን ምርጫ አለው? ማን ከማን ተጣላ፣ የማን ልጅ ሥራ ያዘ፣ የማን ጣሪያ አፈሰሰ፣ ሁሉም እዚያ ይሰማል። ሚስቱ፣ «ብቸኝነቴን ያስታግስልኛል ብዬ አገባሁህ፤ አሁን ብቸኝነቱ ራሱ ናፈቀኝ» ትለዋለች። እሱ ደግሞ ይቺኑ ለደንበኞቹ አውርቶ ያስቃቸዋል።

ክፉ ሰው እንዳልነበረ ግን መነገር አለበት። የታመመ ሰው ካለ መሣሪያውን በከረጢት ይዞ ቤቱ ድረስ ይሄዳል፤ ፈላጊ ያጣ ሽማግሌ ቢመጣም ከሌላው እኩል ይቀበለዋል። ያለበት ችግር አንድ ብቻ ነው፤ የሰማውንና የሚያውቀውን ለይቶ አያውቅም።

ጡረታ የወጣችው የታሪክ መምህርት፣ ሰፈሩ «እትዬ» የሚላት ሴት፣ አንድ ቀን ሱቁ ድረስ መጣች። በኢንተርኔት ላይ ሰው ሁሉ በነፃ የሚጽፍበት መዝገበ ዕውቀት እንዳለ፣ በዚያም ላይ ስለ መንደራቸው የሚናገር ገጽ እንዳለ ነገረችው።

«ምን ይላል?» አለ፣ ዐይኑ እየፈጠጠ።

«ሁለት መስመር ነው። እሱም ወንዛችንን በምሥራቅ በኩል አድርጎታል።»

«በምሥራቅ! ታዲያ እኛ እስከ ዛሬ በየት በኩል ነው የምንሻገረው?»

«ለዚህ ነው የመጣሁት። ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ሆነን እናስተካክለዋለን። አንተ ደግሞ ሰውንም ቦታውንም ታውቃለህ።»

ሬዲዮ ያን ዕለት የሁለት ሰው ፀጉር አንድ ዓይነት አድርጎ ነው የቆረጠው፤ ልቡ ሌላ ቦታ ነበር።

እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ የኋላ ክፍል መሰብሰብ ጀመሩ። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንድ እግሩ የሚወዛወዝ ወንበር፣ ከግድግዳው ጋር የተደገፉ የድሮ ጋዜጦች ጥራዝ። ሞባይል የምትጠግነው ወጣት ኮምፒውተሯን ይዛ ትመጣለች። አፏ ቁጥብ፣ ጣቷ ፈጣን፣ እሳት የላሰች ልጅ ናት። «ጋሽ ሬዲዮ» እያለች በስልኩ እንዴት እንደሚጻፍ ያስተማረችው እሷ ናት። መጀመሪያ ያስገባት ዓረፍተ ነገር ስለ ወንዙ ነበረች፤ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የመለሰው እሱ ነው። ያን ሰሞን ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ስልኩን ሳያይ አልተነሣም። «ተመልከት፣ ወንዙን ያዛወርኩት እኔ ነኝ!»

ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ። ሬዲዮ ተረት እንደ ጉድ ነበረው፤ መምህርቷ ግን አንድ ሕግ አላት።

«ምንጭህ ምንድን ነው?» ትለዋለች።

«ሰው ሁሉ ያውቀዋል እኮ፣ እትዬ።»

«ሰው ሁሉ ምንጭ አይሆንም፣ ወንድሜ። የታተመ ነገር አምጣ።»

አንድ በአንድ ተሰረዙበት። የድሮው ድልድይ እንዴት እንደፈረሰ የጻፈው ወጣ። ስለ መጀመሪያው ትምህርት ቤት ያወራው ወጣ። ሌሎቹ እየጻፉ የእሱ ብቻ ሲሰረዝ ውስጡ ሻከረ፤ ለደንበኞቹ የሚያሳየው ነገርም አለቀበት። «ዛሬስ ምን ጻፍክ?» ሲሉት ወሬ መቀየር ጀመረ።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ነው ከጋዜጦቹ ጥራዝ ውስጥ አንዲት ትንሽ ዜና ያገኘው። የመንደሩ ወፍጮ ቤት መቃጠሉን፣ በሰው ላይ ጉዳት አለመድረሱንና ንብረቱ ሙሉ በሙሉ መውደሙን ትናገራለች፤ ሌላ ቃል የላትም። ሬዲዮ ግን ሌላውን «ያውቀዋል»። ወፍጮው ከተቃጠለ በኋላ ሰው እህሉን ተሸክሞ ሩቅ ሲንከራተት፣ እናቱ ወገቧን ይዛ እያማረረች ስትመለስ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ያልተናገረ አልነበረም። እናም ጻፈ፦ «የመንደሩ ወፍጮ ቤት በእሳት ወድሟል። እሳቱ የተነሣው የወፍጮው ሠራተኛ ጠጥቶ ተኝቶ ስለነበር ነው።» መጨረሻ ላይ የጋዜጣውን ስምና ቀን ጥንቅቅ አድርጎ አስቀመጠ። ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር ሲጽፍ ጣቱ ትንሽ እንዳመነታ ኋላ ትዝ ብሎታል። ግን ምንጩን ከታች ሲያየው እውነት መስላ ታየችው፤ ጥሩ ልብስ የለበሰ ሌባ ጨዋ እንደሚመስለው ማለት ነው። መምህርቷም ምንጩን አይታ፣ «ጎበዝ! እንዲህ ነው እንጂ» አለችው። ደረቱ ተነፋ።

የወፍጮው ሠራተኛ ግን በሕይወት አሉ። ወፍጮው ከጠፋ ዘመን ቢያልፍም ሰው አሁንም «ጋሽ ወፍጮ» ነው የሚላቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ የሬዲዮ ወንበር የእሳቸው ነው። ጢማቸውን ይላጫሉ፣ ሲላጩ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ከፍለው ይሄዳሉ። ማንበብ አይችሉም። ሬዲዮ ያቺን ዓረፍተ ነገር ሲጽፍ እሳቸውን አላሰባቸውም ቢባል ማን ያምናል? እውነቱ ግን ይሄው ነው። የወሬው ሰውዬና ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት ሰውዬ በእሱ ጭንቅላት ውስጥ ተገናኝተው አያውቁም።

አንድ ቅዳሜ ሽማግሌው እንደወትሮው ገቡ። ሬዲዮ ጨርቁን አስሮ፣ ሳሙናውን ቀብቶ፣ ምላጩን አንሥቶ ስለ ዝናቡ ጀመረ።

«ቆይ፣ ልጄ» አሉት። «አንተ ከእነዚያ ከሚጽፉት ሰዎች ጋር ነህ አሉ።»

«አዎ ጋሼ! ወንዙን ማን እንዳስተካከለው አልሰሙም?»

«ወንዙን ተወው። ልጄ ቤት፣ ልብስ የምትሰፋዋን ማለቴ ነው፣ ለልኬት የመጡ ሴቶች ስልክ ላይ ስለ መንደሩ እያነበቡ ነበር። ስለ ወፍጮው ሲደርሱ ሣቁ። የማን ልጅ እንደሆነች አላወቁም። እሷ መርፌውን ይዛ እዚያው ቁጭ ብላ ሰማች።»

የሬዲዮ እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ለእኔ ልትነግረኝ አልፈለገችም፤ እያለቀሰች ስታስቸግረኝ ነው አውጣጥቼ የሰማሁት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? ሰው እንደዚያ እንደሚለኝ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ግን ወሬ ከሰው ጋር ይሞታል ብዬ ነበር። የተጻፈ ግን...» ሳሙናው አገጫቸው ላይ እየደረቀ ነበር። «አንተ የምትሰማ ሰው ነህ። ማን እንደጻፈው ጠይቅልኝ። ልጣላው አይደለም። እንዲያጠፋው ብቻ ለምንልኝ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ይወድ ነበር። «እኔ ነኝ» ሊል ፈልጎ ነበር። ከአፉ የወጣው ሌላ ነው።

«እኔ... አስጠፋዋለሁ፣ ጋሼ። ዛሬውኑ።»

«እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ። አውቅ ነበር።»

ዐይናቸውን ጨፍነው ጭንቅላታቸውን ወደ ኋላ አዘነበሉለት። ሬዲዮ ያንን ጢም ሲላጭ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። በር ላይ ተራ የሚጠብቀው ሰው፣ «ዛሬ ሬዲዮው ባትሪ ጨረሰ እንዴ?» ብሎ ቀለደ፤ የሣቀለት የለም። ሽማግሌው ሊከፍሉ ሲሉ አልቀበልም ቢል፣ «ተው፣ ውለታ ላይ ውለታ አትደራርብብኝ» ብለው ገንዘቡን መስታወቱ ሥር አስቀመጡ። «ውለታ» የምትለው ቃል ልቡ ውስጥ ተሰክታ ቀረች።

ሱቁን ዘግቶ ዓረፍተ ነገሯን አጠፋት። ቀለል ይለኛል ብሎ ነበር፤ ይበልጥ ከበደው። ያላደረገው መልካም ነገር ተመስግኖበታል፤ ያደረገውን ክፉ ደግሞ ማንም አላወቀበትም። ቢያንስ እሱ የመሰለው እንዲያ ነው።

በማግሥቱ ቤተ መጻሕፍቱ ሲደርስ መምህርቷና ሞባይል ጠጋኟ ቀድመው ተቀምጠዋል። እንደ ሌላው ቀን «ጋሽ ሬዲዮ» ብሎ የተቀበለው የለም። ጋዜጣው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

«የወፍጮ ቤቱን ነገር ያጠፋኸው አንተ ነህ?» አለች መምህርቷ።

«አዎ፣ እትዬ። አንድ ሰው... ማን እንደጻፈው አላውቅም፣ ግን ተገቢ አይደለም ብዬ...»

ወጣቷ ኮምፒውተሯን ቀስ ብላ ወደ እሱ አዞረችው። እዚያ ገጽ ላይ የተጻፈና የተሰረዘ ነገር ሁሉ፣ ማን መቼ እንደጻፈው፣ ተሰልፎ ይታያል። የእሱ መጠሪያ በመጻፉም በመሰረዙም ፊት ለፊት ቆሟል። ሁሉን የሚያውቅ መስሎት ነበር እንጂ ገጹ የሁሉንም ስም እንዲህ እንደሚይዝ አያውቅም ነበር።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚለውን ተረት ለስንት ራሰ በራ ደንበኛ ቀልዶበታል መሰላችሁ! አሁን ግን ተረቱ እሱን ፈልጎ መጣ። ወጣቷ ዐይኗን ከእሱ አሸሸች፤ ያ ከስድብ በላይ አመመው።

«ጋዜጣው ላይ እንዲህ የሚል የለም» አለች መምህርቷ፤ ድምፅዋ ቁጣ አልነበረውም። «ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም። እኔ ምንጩን አየሁ እንጂ ገልጬ አላነበብኩም። ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪ የቀጣሁበትን ነገር ራሴ አደረግሁት። አፈርኩ።»

እሷ «አፈርኩ» ስትል ለእሱ ምን ቀረለት? ተነሥቶ ወጣ። እግሩ በቀጥታ ወደ ጋሽ ወፍጮ ወሰደው፤ ትንሽ ቢዘገይ እንደማይሄድ ያውቃል።

ሽማግሌው ልጃቸው ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ከውስጥ የስፌት መኪናው ድምፅ ይሰማል። ሲያዩት ፊታቸው ፈካ።

«ጠፋልህ?»

«ጠፍቷል፣ ጋሼ። ግን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

የስፌት መኪናው ቆመ።

ሽማግሌው መዳፋቸውን አገላብጠው እያዩ ቆዩና፣ «ያን ዕለት አልጠጣሁም ነበር» አሉ። «ሌላ ቀን እጠጣ ነበር። ለዚህ ነው ማንም ያልጠየቀኝ። የናፍጣው ቱቦ ማንጠባጠብ ከጀመረ ሰንብቷል፤ ተናግሬያለሁ፣ የሰማኝ የለም። ደግሞስ የሰካራም ቃል ማን ይሰማል?»

«ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ።»

«አንተ በየሳምንቱ አንገቴን ይዘህ ሁሉን ጠይቀኸኛል። ስለ ጉልበቴ፣ ስለ ልጄ፣ ስለ ዝናቡ። ይሄንን አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ልጅቱ በሩ ላይ ቆማ ታየው ነበር፤ የመለኪያ ሜትሩ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። «ሂድ» አለችው፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ጠዋት ወንበሩ ባዶውን ይውላል። ጋሽ ወፍጮ መናኸሪያው አጠገብ ላለው ሌላ ፀጉር አስተካካይ ዞሩ። አንዳንዴ በሱቁ ፊት ሲያልፉ ያያቸዋል፤ የሪዛቸው አንዱ ጎን ከሌላው አጥሮ፣ አገጫቸው ላይ ያልተላጨ ጭረት ቀርቶ። እጁ መቀስ ይዞ ይነሣና መልሶ ይወርዳል። ሰላም ሲላቸው በአንገታቸው ብቻ ይመልሳሉ።

ከበጎ ፈቃደኞቹ ሊወጣ ፈልጎ ነበር፤ መምህርቷ እምቢ አለች። «መሸሽ ቀላል ነው። ቁጭ ብለህ የሁላችንንም ምንጭ ከጋዜጣው ጋር አመሳክር» አለችው። እናም እሑድ እሑድ በሚወዛወዘው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሌሎችን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ያነባል። አዲስ ነገር አይጽፍም። ሱቁ ውስጥ ሰው ወሬ ሲጀምርለት፣ «አንተ አይተሃል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ደንበኞቹም ቅር እያላቸው ወሬውን ይተዉታል። ሚስቱ ቤት ውስጥ ዝም ሲል መጀመሪያ ሣቀች፣ ኋላ አሳሰባት። የሆነውን የነገራት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው።

ገጹ ግን አደገ። የወፍጮ ቤቱን ፍርስራሽ ፎቶ ማስገባት ፈለጉና መምህርቷ ጋሽ ወፍጮን ቦታውን እንዲያሳዩ ለመነቻቸው። እሺ አሉ፤ «ያ ሰውዬ ካልመጣ» ብለው። ወጣቷ አብራቸው ሄዳ አነሣች። ሬዲዮ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ቀረ። ፎቶው ሲመጣ ግማሽ የቆመ ግድግዳና ዝገት የበላው የሞተር መቀመጫ ያሳያል፤ ሽማግሌው ከዳር ቆመው ወደ ሌላ አቅጣጫ ይመለከታሉ።

«ከሥሩ የሚጻፈውን አንተ ጻፍ» አለችው መምህርቷ።

«እኔ? እትዬ፣ በፈጠረሽ...»

«አንተ።»

ጻፈ፣ ሰረዘ፣ ጻፈ። ናፍጣውንም ሊያስገባ ፈልጎ ነበር፤ ለዚያም የታተመ ምንጭ አልተገኘም፣ መምህርቷ ፊቷን ጭፍግግ አድርጋ አወጣችው። በመጨረሻ የቀረችው አጭር ናት፦ «በእሳት የወደመው የመንደሩ ወፍጮ ቤት ፍርስራሽ። የእሳቱን መንስኤ የሚገልጽ የታተመ ምንጭ አልተገኘም።» ከማስገባቱ በፊት ይነበብላቸው ብሎ ለመነ። መምህርቷ ስልክ ደውላ አነበበችላቸው። ሬዲዮ ከጠረጴዛው ማዶ ራሱን ደፍቶ ይጠብቃል።

«ማን ጻፈው?» የሚል የሽማግሌው ድምፅ ከስልኩ ወጣ።

መምህርቷ ወደ ሬዲዮ ተመለከተች። እሱም ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«እሱ ነው» አለች።

ሽማግሌውም፣ «ይሁን» አሉ፤ ስልኩም ተዘጋ።

ይቅርታ እንዳልሆነ ሬዲዮ ያውቃል። በቀጣዩ ቅዳሜም አልመጡም። ስልኩ የተዘጋ ዕለት ግን ጽሑፏን ከፎቶው ሥር አስገብቶ፣ ሌሎቹ ከሄዱ በኋላ ለብቻው ቁጭ ብሎ ደጋግሞ አነበባት፤ ከዚያም ጋዜጦቹን ሰብስቦ ወደ ቦታቸው መልሶ ወጣ።