አልጋ ሥር የተኛው ቦዬ

ታዲያ ዱፊዬ ያንን ግማሽ ቦዬ፣ ያንን እንደ ድንች ከመሬት የሚቆፈር ግዙፍ ሥር፣ በራሷ ተሸክማ በገበያው መሃል ስታልፍ፣ ማን ሳቁን የቻለ መሰላችሁ? እንኳን ሰው ፍየሎቹም ቆመው አዩዋት!

በአገራችን በክዋሁ ቤተ ክርስቲያን ልጆቻችንን ሁሉ ምስጋና ያስተማረች እኮ እሷ ናት። በእኛ አገር ውለታ የዋለልህን ሰው በማግሥቱ ጠዋት ደጁ ሄደህ ደግመህ ካላመሰገንከው አሳዳጊ የበደለህ ነህ። ዱፊዬ ታዲያ የእሑድ ልጆቿን፣ "ጎረቤትን በማግሥቱ ታመሰግናላችሁ፣ እግዚአብሔርንስ?" ትላቸዋለች። እያንዳንዱ ልጅ ቅዳሜ ያገኘውን አንድ ነገር በስሙ ጠርቶ ማመስገን አለበት። "ለሁሉም ነገር ተመስገን" ያለማ ጉዱ ፈላ! "እሱ የሰነፍ ነው፤ ወጡን ሳትቀምስ ጣፈጠኝ እንደማለት" ትለዋለች።

የመከር ምስጋና ዕለት ሰው ከማሳው ምርጥ ምርጡን ይዞ መጣ። ዱፊዬ ሦስት ኮሳሳ ቦዬ አስቀመጠች፤ አንዱንማ ትል ቀድሞ ቀምሶታል። ከዚያ የልጅ ልጇ ሰርዋ፣ ያቺ ሚጢጢ፣ ፊት ወጥታ ዓይኗን ጨፈነች።

"እግዚአብሔር ሆይ፣ ትናንት ስለሰጠኸን ትልቅ ቦዬ አመሰግንሃለሁ። እኔን ያክላል። ከአያቴ ከናና አልጋ ሥር ተኝቷል። ለቤተ ክርስቲያን ይበዛል ብላለች።"

"አሜን!" አለች የቦአ የምትባል ጎረቤቷ፣ ጮክ ብላ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ፓስተሩም ፊቱን በመጽሐፉ ሸፈነ። ዱፊዬ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ቤት ሲገቡ፣ "አንቺ! አፍሽን አትሰበስቢም?" አለቻት።

"በስሙ ጥሩት አላልሽም፣ ናና?"

"ዝም በይ አልኩሽ!"

በንዴት ቦዬውን ለሁለት ገመሰችና ግማሹን ቀቅላ በጎደሬ ቅጠል ወጥ አቀረበች። ሰርዋ በላች። ዱፊዬም እያጉረመረመች በላች።

በቀጣዩ እሑድ ሰርዋ አፏን ከፈተች፤ አያቷን አየት አደረገችና፣ "ለሁሉም ነገር ተመስገን" ብላ ተቀመጠች። አጠገቧ ያለውም ልጅ እንደዚያው። ቀጥሎ ያለውም። እስከ ወንበሩ ጫፍ ድረስ! ያኔ የቦአ እንኳ አልሳቀችም። ሳቁስ ይሻል ነበር። ዱፊዬ ዕድሜዋን የደከመችበት ልማድ በአንድ ቁጣዋ ሲሞት በጆሮዋ ሰማች።

በማግሥቱ ጠዋት የተረፈውን ግማሽ ከአልጋ ሥር ጎትታ፣ በራሷ ተሸክማ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣች።

"ዱፊዬ! ግማሹ የት ገባ?" አለች የቦአ ከገበያው።

"ሆዴ ውስጥ!"

"ተመስገን በያ!"

ልጆቹ ከትምህርት በፊት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ይጫወታሉ። ወደ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ቦዬውን ከራሷ አውርዳ አሳየቻቸው።

"ትልቁን ደብቄው ነበር። ሰርዋ ልክ ናት፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በስሙ ጥሩት፣ ልጆቼ። እኔን ቢያሳፍረኝም ጥሩት።"

ሰርዋ ዓይኗን ጨፈነች። "ስለ ግማሹ ቦዬ አመሰግንሃለሁ። ስለ በላነውም። ጣፋጭ ነበር።"

ዱፊዬ እንባዋን ጠርጋ ቦዬውን መሠዊያው ሥር አኖረች። ምን ዋጋ አለው፣ እጇ አመሏን አልረሳም፤ እንዳይበላሽ አመድ የተቀባውን የተቆረጠ ጎኑን፣ ሙሉ እንዲመስል፣ ወደ ግድግዳው አዞረችው።

ሰርዋ ሄዳ መልሳ ወደ ሰው አዞረችው።