ለእትዬ ዘይነባ ያላደረስኩት የሐኪም ቃል

ይህን ለባሌ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ዛሬ ግን አፌ አላስቀምጥ ብሎኛል፤ ስሙኝና የፈለጋችሁትን ፍረዱ።

እዚህ ባሕር ማዶ፣ ባንክ በብድር ዕዳ የሰዉን ቤት ሲወስድ በከረመበት በዚያ ዓመት ነው። ከወሎ ልጃቸው ያስመጣቸው እትዬ ዘይነባ ሜስኪት በምትባለው ከተማ ጎረቤቴ ነበሩ። ወገባቸውን ለዓመታት እንደ እሳት ሲያቃጥላቸው ኖሮ ሶላታቸውን ወንበር ላይ ሆነው ነበር የሚሰግዱት። ልጃቸው ቤቱ እንዳይወሰድበት ሁለት ሥራ ስለሚሠራ፣ ሪቻርድሰን ከተማ ያለ ሐኪም ዘንድ የማደርሳቸውም የማስተረጉምላቸውም እኔ ነበርኩ። በእንግሊዝኛዬ እንዴት እንደምኮራ!

ሐኪሙ ክኒኑን፣ አመማቸውም አላመማቸውም በየቀኑ ይዋጡ፣ የሚሠራው ውሎ አድሮ ነው አለ። እኔስ ምን አልኩ? "ሲብስብዎት ብቻ ይውሰዱ ብሏል" አልኳቸው። እኔ ነኝ ያልኩት። ሰውነት መድኃኒት ከለመደ የጭንቅ ቀን አይሠራለትም ብዬ አምን ነበር፤ ቤታችን እንዲህ እየተባለ ነው ያደግነው። ያዳንኳቸው መስሎኝ ደስ አለኝ። ማን ሐኪም አደረገኝ?

በየቀጠሮው ሐኪሙ በየቀኑ ይወስዳሉ ወይ ሲል፣ እሳቸውን ሳልጠይቅ "የስ" እለዋለሁ። ክረምቱን ሙሉ እያቃሰቱ ከረሙ። በመጨረሻ ሐኪሙ፣ መድኃኒቱ እንቢ ስላለ አከርካሪያቸው አጠገብ መርፌ ልውጋቸው አለ። ያኔ ደነገጥኩ። ትንሽ ጊዜ ይስጡን ብዬ ለመንኩትና ለእሳቸው "ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ ይዋጡ ብሏል" አልኳቸው።

ከሳምንታት በኋላ አንድ ጁምዓ አስጠሩኝ። ስገባ ወንበሩን ወደ ጥግ ገፍተው መስገጃቸው ላይ ቆመዋል። ጎንበስ አሉ፣ ቀስ ብለው ተንበረከኩ፣ ግንባራቸው ምንጣፉን ነካ! እልልታዬን አቀለጥኩት፤ ልጃቸው ግድግዳ ተደግፎ አለቀሰ። ይህን ስነግራችሁ አሁንም ልቤ ይዘላል።

እትዬ ዘይነባ ሶላታቸውን ጨርሰው እጃቸውን ዘረጉልኝ።

"ልጄ፣ እኔን ከወንበር እንዳነሳሽኝ አላህ አንቺንም ከፍ ያድርግሽ። አንቺ ባትኖሪ የሐኪሙን ቃል ማን ይነግረኝ ነበር?"

"አሚን" አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ባለማወቅ ነው ልበል? ሐኪሙን ጥርት አድርጌ ሰምቼዋለሁ። ያንን ሁሉ ክረምት ያቃጠልኳቸው እኔ፣ ምርቃቱን የወሰድኩትም እኔ።

አሁን ከልጃቸው ጋር ሮውሌት የምትባል ከተማ ገብተዋል። ሲያገኙኝ ለሰው ሁሉ "ሐኪሜ ናት" ይላሉ። እናንተን አፉ በሉኝ አልልም፤ አፉ ሊሉኝ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ናቸው፣ እሳቸው ደግሞ የበደላቸውን ሰው ዛሬም እየመረቁ ነው።