እናቶችን የሚያዘገዩት አክስቴ

ወናጎ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ባለው የሕፃናት መዋያ፣ ጠዋት ጠዋት ልጆቹን በር ላይ የሚቀበሉት አክስቴ ነበሩ። ልጁን ከማስገባታቸው በፊት እናቱን አጠገባቸው አስቀምጠው የቤቷን ደኅንነት ይጠይቋታል። «ቤቱ እያለቀሰ ልጅ አይጫወትም» ይሉ ነበር።

በአንድ የቡና ለቀማ ሰሞን አብሬያቸው ቆሜ ሳለሁ፣ አንዲት ወጣት እናት ልጇን አዝላ እየሮጠች መጣች።

«እማማ፣ ዛሬን ይለፉኝ፤ ለቃሚዎቹን የሚጭነው መኪና ጥሎኝ ይሄዳል!»

«ይሂዳ! መኪናው ባልሽ ነው እንዴ? ነይ ቁጭ በይ፤ ቆጮ ቅመሺ።»

ይህን ሲሏት እንባዋ መጣ። ለካ ባሏ ታሞ ተኝቷል፤ ለማንም አልተናገረችም። አክስቴ ሌሎቹን እናቶች ጠሩ፤ ተጋግዘው ሰውየውን በዚያው ቀን ዲላ ሐኪም ቤት አደረሱት። ዳነ። ሰሞኑን መዋያው ውስጥ ጥግ ይዞ ይቀመጥ የነበረው ልጇም ከእኩዮቹ ጋር መሯሯጥ ጀመረ።

አሁን አክስቴ የሉም። እኔም በሰው አገር ሆኜ ለቀብራቸው እንኳ አልደረስኩም። በቀደም እዚያ ለምታስተምረው መምህርት ደውዬ፣ «መዋያው እንዴት ሆነ?» አልኳት።

«ተመስገን፣ እህቴ! ልጆቹ በሰዓቱ ይገባሉ፤ እናቶቹም በር ላይ ሳይቆሙ ይሄዳሉ።»

እሷ ደስ ብሏት ነው የነገረችኝ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሥራ ላይም ሆኜ፣ ለጸሎትም ተንበርክኬ፣ «ዛሬስ ጭንቋን ይዛ የሄደችው የትኛዋ ትሆን?» እያልኩ እባዝናለሁ።

ጌታ ሆይ፣ አክስቴን ወደ ዕረፍትህ ወስደሃቸዋል። እኔን ግን፣ እነዚያን እናቶች ቁጭ በሉ የሚል ሰው እስኪገኝ ድረስ አታሳርፈኝ።